ባዶ መስመር

ጋሽ ፈለቀ ስልክ ሲደውሉ ቢሮው ብቻ ሳይሆን መንገዱም ይሰማል። ቦንጋ ላይ ኔትወርክ እንደ ልቡ ስለሚመጣና ስለሚሄድ፣ እሳቸው የጎደለውን በድምፃቸው ይሞሉታል። በእሸት ቡና ወቅት ጠዋት በቡና ገበሬዎቹ ማኅበር ቢሮ ደጃፍ የሚያልፍ ሰው ሁሉ፣ ባይጠይቅም፣ የማኅበሩ አይሱዙ ዛሬ የት የት እንደሚጭን አውቆ ይሄዳል። «ሃሎ! ዋንዛው! ዛሬ ነው፣ አውርዱ!» ይሉና ወደ አገሩ ቋንቋ፣ ወደ ካፊኖኖ ዞረው ስለ ልጁ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለታመመው ጎረቤት ይጠይቃሉ፣ ይስቃሉ፣ ከዚያ ዘግተው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ።

ሥራው ለሚያይ ሰው ቀላል ይመስላል። ቀይ ቡና ግን ከተለቀመ በኋላ በጆንያ ማደር አይችልም፤ ይሞቃል፣ ይኮመጥጣል፣ ከዚያ በኋላ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ገበሬው ማልዶ ለቅሞ ቤቱ ይጠብቃል፤ ወደ መኪናው መንገድ የሚያወርደው ሲደወልለት ብቻ ነው። ሳይደወል አውርዶ መኪናው ቢቀርበት ያንን ሁሉ ተሸክሞ ሽቅብ ሊመለስ ነው። መኪናው ደግሞ ባዶውን እስከ መጨረሻው ጣቢያ ይሄድና እየጫነ ወደ ቦንጋ ይመለሳል። ስለዚህ ጋሽ ፈለቀ የሚደውሉት ከሩቁ ጀምረው ወደ ቅርቡ ነው። ጣቢያዎቹ የሚጠሩት በሚገኙበት ቦታ ነው፤ መጀመሪያ ዋንዛው፣ ከዚያ ወንዙ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ገበያው፣ በመጨረሻ ማንኪራ። ማንኪራዎች ከዋናው መንገድ ገባ ብለው ጫካው ውስጥ ናቸው፤ መገንጠያው ላይ የቆመ ሾፌር መንደሩን አያይም፣ መንደሩም መኪናውን አይሰማም። ለእነሱ የጋሽ ፈለቀ ስልክ ከሌለ መኪናም የለም።

ይህንን ሁሉ ጋሽ ፈለቀ በጭንቅላታቸው ይዘው ለዓመታት ሠርተዋል። አብርሆት እስክትመጣ ድረስ ማለቴ ነው።

አብርሆት ከደብረ ብርሃን በኮንትራት የመጣች የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ቀልጣፋ፣ ቅን፣ ትንሽ ችኩል። ማኅበሩ በእርዳታ ያገኘውን አሮጌ ኮምፒውተር ከአቧራው አውጥታ ሕይወት የዘራችበት እሷ ናት፤ ይሄን ማንም አይክዳትም። ችግሩ፣ አንድ ሽማግሌ አምስት ስም በቃሉ ይዞ ሲሠራ ማየት አላስቻላትም።

«ጋሽ ፈለቀ፣ ከእንግዲህ ይሄን ሁሉ በጭንቅላትዎ አይሸከሙ። ሲስተም እሠራልዎታለሁ።»

«ጭንቅላቴ ምን አደረገሽ?» አሏት።

ሣቀች። ሲስተሙንም ሠራች። ሼል ስክሪፕት የሚሉት ነው፤ በተርታ የተጻፉ ትእዛዞች ናቸው፣ ኮምፒውተሩ ከላይ ወደ ታች እያነበበ ይፈጽማቸዋል። የጣቢያዎቹን ስም ከቦንጋ ሲወጣ እንደሚገኙበት አሰለፈቻቸው፤ ማንኪራ መጀመሪያ፣ ዋንዛው መጨረሻ። የሚደወለው ግን ከመጨረሻው ጀምሮ ስለሆነ፣ ስሞቹን በኔጌቲቭ ቁጥር አስጠራቻቸው። ኔጌቲቭ አንድ ሲባል የመጨረሻው ይመጣል፣ ኔጌቲቭ ሁለት ሲባል ከመጨረሻው በፊት ያለው፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ወደ ፊት። ሰልፉ ቢረዝምም ቢያጥርም መጨረሻውን ራሱ ያገኘዋል። ስም ብቅ ይላል፣ ጋሽ ፈለቀ ይደውላሉ፣ ኢንተር ይጫናሉ፣ ስሙ ጠፍቶ ሌላው ይመጣል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ፍቅሩ አይተው በጣም ተደሰቱ። «ይሄማ ለዞኑ ፕረዘንት መደረግ አለበት» አሉ።

ጋሽ ፈለቀ መጀመሪያ ሰሞን ከቃላቸው እየደወሉ ስክሪኑን በጎን ያዩት ነበር፤ ሌባ ይዞባቸው እንዳይሄድ እንደሚጠብቁት ዕቃ። አብርሆት ይህንን አይታ ቅር አላት። «ካላመኑት ለምን ሠራሁት?» አለቻቸው፣ እየሣቀች ግን ከልቧ። ሰው አክባሪ ናቸው፤ ልጅቷን ማስከፋት አልፈለጉም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስክሪኑ ያለውን ብቻ ደወሉ። ወቅቱ ሲጋመስ ስሞቹን በቃላቸው መቁጠሩን ጨርሰው ተዉት።

አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ጣቢያ ሚዛን ተሰበረ። አቶ ፍቅሩ በሩን ገፋ አድርገው፣ «አብርሆት፣ ትምህርት ቤቱን ለጊዜው ከሲስተሙ አውጪው፤ ገበሬዎቹ ገበያው ጋ ያስረክባሉ» አሏት። እሷ በዚያ ሰዓት ላፕቶፗን አቅፋ ወደ ዞን ልትሄድ ነው፤ ያንኑ ሲስተም ለኃላፊዎች ልታሳይ። ባጃጁ ደጅ ቆሞ ያጓራል። የቢሮው ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብላ አንዲት መስመር ጻፈች፣ ትምህርት ቤቱን ከሰልፉ አነሳችው፣ ሮጣ ወጣች። አልሞከረችውም። አንድ ስም ለማውጣት ምን ሙከራ ያስፈልገዋል?

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ፈለቀ ዋንዛውን ደወሉ። ወንዙን ደወሉ። ኢንተር ሲጫኑ ስክሪኑ ባዶ ሆነ። ጠበቁ። መነጽራቸውን ጠረጉ። አሁንም ባዶ ነው። እንደገና ተጫኑ፤ ገበያው መጣ፣ ደወሉ። ከዚያ ስክሪኑ ተጠናቋል አለ። እሳቸውም ተነስተው መጋዘን ሄዱ።

ታንጉት የማንኪራ ጣቢያ ተጠሪ ናት። በዚያን ቀን ከልጆቿና ከጎረቤቶቿ ጋር የለቀመችውን ደጇ ላይ ደርድራ ስልኳን በእጇ ይዛ ዋለች። ወደ ጋሽ ፈለቀ ለመደወል ስትሞክር ኔትወርኩ አልነበረም። ሾፌሩ ሰሚር መገንጠያው ጋ ሲደርስ ሰው የለም፤ አልተደወለላቸውም ብሎ አለፈ። በማግስቱ የመደወያው ሰዓት ሳይደርስ ማንኪራዎች ሳይጠሩ ተሸክመው ቦንጋ ድረስ መጡ። መፈልፈያው ላይ የሚረከበው ሰው አንዱን ጆንያ ፈትቶ እጁን ሰደደና መልሶ አወጣው። ገና ሳይገባ ይተናል፣ ጠላ ጠላ ይሸታል። የመንደሩ ሁሉ ለቀማ እንዳለ ተመለሰ።

ታንጉት ግን አልተመለሰችም። ከጆንያው በሁለት እጇ አፍሳ አቶ ፍቅሩ ቢሮ ገብታ ጠረጴዛቸው ላይ አፈሰሰችው።

«አሽትቱት!» አለች። ከዚያ ወደ ጋሽ ፈለቀ ዞረች። «ጋሽ ፈለቀ፣ ምን በደልንዎት? ልጄ ሲታመም እርስዎ አይደሉም ወይ እንዴት አደረ ብለው የሚደውሉልኝ? ማንኪራ እንዴት ይረሳዎታል?»

ጋሽ ፈለቀ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ፍሬ አንሥተው አሸተቱት።

የማኅበሩ ኮሚቴ ያኔውኑ ተሰበሰበ። አብርሆት ጥግ ላይ ነበረች። ከዞን ጭብጨባ ተቀብላ መመለሷ ነው፤ ስለ ማንኪራ ስትሰማ አዘነች እንጂ ከራሷ ጋር አላያያዘችውም። ጋሽ ፈለቀ ሳይጠየቁ ተነሡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። የማንም አይደለም» አሉ። «ስሙ እፊቴ ነበረ፤ እኔ ግን ባዶ ታየኝ። ዓይኔን ጠርጌ አየሁ፣ ባዶ። ወንድሜን ግዛቸውን ታውቁታላችሁ። እሱም ሲጀምረው እንዲህ ነው ያለኝ፤ ‹አንዳንዴ ባዶ ይሆንብኛል› አለኝ። በመጨረሻው የገዛ ልጁን ማን ነህ ብሎ ጠየቀው። እንግዲህ ተራው የኔ ነው መሰለኝ። ስልኩን ለጤነኛ ሰው ስጡት።»

 ታንጉት እንኳ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች።

አብርሆት ‹ባዶ› የሚለውን ሰማች። እዚያው ወንበሯ ላይ ሆና ሁሉም ነገር ተገለጠላት። የእሷ ላፕቶፕ ላይ ያለው ሼል፣ ትእዛዙን የሚያነበው ፕሮግራም፣ እንደ አግዳሚ ወንበር ነው፤ ከመሃል አንድ ሰው ሲነሳ የቀሩት ጠጋ ጠጋ ይላሉ። የቢሮው ኮምፒውተር ሼል ግን ሌላ ነው፤ ስሙ ይነሳል እንጂ ወንበሩ ባዶውን እዚያው ይቀራል። ስንት ስም አለህ ሲባል ባዶውን ወንበር አይቆጥርም፤ አራት ይላል። ከኋላ ጀምረህ ጥራ ሲባል ግን ባዶውንም ወንበር ቆጥሮት ያልፋል። አራት እርምጃ ተሰጥቶት አንዱን በባዶ ወንበር ላይ ፈጀው፣ መጀመሪያ ላይ ያለው ማንኪራ ጋ ሳይደርስ አለቀበት። አንዳንድ ሼል አለ፣ ከኋላ መቁጠርን ጭራሽ የማያውቅ፤ ሲጠየቅ ይጮኻል፣ ቁጥሩ ልክ አይደለም ብሎ ሥራውን ያቆማል። ምነው እንደሱ በጮኸ! ይሄኛው ግን ጨዋ ሆነና ባዶ መስመር አሳይቶ ዝም አለ።

ተነሥታ መናገር ነበረባት። አፏም ሊከፈት ነበር።

«ደግነቱ» አሉ አቶ ፍቅሩ፣ ኮሚቴውን እያዩ፣ «ሲስተማችን ችግር የለበትም። ዞኑም አድንቆታል። አይደል አብርሆት?»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ጋሽ ፈለቀም አዩዋት፤ ተስፋ አድርገው አልነበረም፣ እንዲሁ ስሟ ስለተጠራ ነው። ኮንትራቷ ሊታደስ የቀረው ጥቂት ነው። እናቷ ደብረ ብርሃን ላይ ልጄ ቋሚ ልትሆን ነው እያለች ለጎረቤት አውርታለች።

«ይሠራል» አለች።

እንግዲህ ፍረዱ። ውሸት ነው ቢሏት፣ መሥራቱንማ ይሠራል፤ ለዚህም ነው ይህችን ቃል የመረጠቻት። ሰው ሲዋሽ ከሚመርጠው ቃል የበለጠ አስተካክሎ የሚመርጠው ቃል የለም።

ከስብሰባው ስትወጣ ቀጥ ብላ ወደ ኮምፒውተሩ ሄደች። አስነሳችው። ዋንዛው፣ ወንዙ፣ ባዶ፣ ገበያው፣ ተጠናቋል። እዚያው ቆማ ሰልፉን ጠጋ ጠጋ የሚያደርግ መስመር ጨመረችበት፤ የባዶው ወንበር ነገር አከተመ። እንደገና ሞከረች፤ ማንኪራ መጣ። ያንን ስም ስታይ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ እጁን ደንጊያ ላይ እንደፈተገ ሰው አቃጠላት እንጂ።

ጋሽ ፈለቀ ወደ መጋዘን ተዛወሩ፤ ጆንያ ያስቆጥራሉ፣ ሌላ ሰው ደግሞ አጠገባቸው ቆሞ ይቆጥራል፤ ይህንንም የጠየቁት ራሳቸው ናቸው። ስልኩ ለአብርሆት ተሰጠ። ጠዋት ጠዋት በአማርኛ ትደውላለች፤ ገበሬዎቹ እሺ ብለው ይዘጋሉ። ስለ ልጅም ስለ ዝናብም የሚጠይቅ የለም። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ትላለች፣ መጋዘን ድረስ ትሄዳለች፣ ጋሽ ፈለቀ ከሩቅ ሲያዩዋት ፈገግ ብለው ባርኔጣቸውን ያነሣሉ፣ እሷም ስለ ጆንያ አንድ የማይረባ ጥያቄ ጠይቃ ትመለሳለች። ደግሞም ሰበብ አታጣም። ደመወዛቸው አልተቀነሰ፣ ከሥራ አልተባረሩ፣ መጋዘን ደግሞ ጸጥ ያለ ነው፤ ለሽማግሌ ይሻላል። እንዲህ እያለች ራሷን ታባብላለች፤ ምሳ ግን አልወርድ ብሏታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጋሽ ፈለቀ ባለቤት እትዬ አልጋነሽ ቢሮ መጡ። ሰው አለመኖሩን አይተው አብርሆት አጠገብ ተቀመጡ። የነጠላቸውን ጫፍ ይጠመዝዛሉ።

«ልጄ፣ አንቺ አብረሽው ትውይ ነበር። እውነቱን ንገሪኝ። ሌላም ነገር ይረሳል?»

«ኧረ የለም፣ እትዬ! ምንም አይረሱም።»

«ቤትም ምንም አይረሳ። እኔ አላየሁበትም። እሱ ግን ጨርሷል። ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ከሽማግልና አውጡኝ ብሏል፤ ‹ሰው ሲታረቅ ማን ምን እንዳለ የማያስታውስ ምን ሽማግሌ ነው› ብሎ። ጅማ ሐኪም ጋ ውሰዱኝ ይላል፣ ደግሞ ይፈራና ይቅር ይላል።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ጠዋት ሲነሣ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ የልጅ ልጆቹን ስም አንድ በአንድ ይጠራል። ሁሉንም ይጠራቸዋል። ሲጨርስ ‹ዛሬም አሉ› ይለኛል። ከዚያ ነው ጫማውን የሚያደርግ።»

አብርሆት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እትዬ አልጋነሽ ለባላቸው ያዘነች መስሏቸው ጀርባዋን ዳበሷት፣ «አይዞሽ» አሏት። ያች አይዞሽ ናት ያልቻለቻት። ሴትዮዋ ሲወጡ አብርሆትም ተነሣች፣ የአቶ ፍቅሩን በር ሳታንኳኳ ገባች።

አቶ ፍቅሩ ሰምተው ሲጨርሱ መጀመሪያ የተናገሩት፣ «ለዞኑ ምን ልበል?» ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ «አሁን ተስተካክሏል አይደል? ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል?»

«ኮሚቴው ፊት እናገራለሁ» አለች። «እርስዎ ካልጠሩት እኔ እጠራዋለሁ።»

ኮሚቴው ተጠራ፣ ከማንኪራ ታንጉት መጣች፣ ጋሽ ፈለቀ ከመጋዘን መጡ። አብርሆት ቆማ ተናገረች። ስለ አግዳሚውና ስለ ወንበሩ አስረዳች፤ ኮምፒውተሩን ወደ እነሱ አዙራ ያንኑ ስህተት እንደገና ጽፋ አሳየች። ዋንዛው፣ ወንዙ፣ ባዶ፣ ገበያው፣ ተጠናቋል። «ባዶው እዚህ ነበር» አለች፣ ስክሪኑን እየነካች። «ጋሽ ፈለቀ ያዩት ትክክል ነው። ባዶ የታያቸው ባዶ ስለነበረ ነው። ያን ቀን ይሠራል ስል አውቄ ነው ዝም ያልኩት። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ታንጉት ብዙ አየቻት። «ስህተቱስ ይሁን፣ ሰው ይሳሳታል» አለች። «እኚህ ሰውዬ እዚህ ቆመው አበድኩ ሲሉ ግን ጆሮሽ ይሰማ ነበር።» መልስም ሳትጠብቅ ተቀመጠች።

ኮሚቴው ተወያየ። ለአብርሆት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጣት፣ የኮንትራቷ ነገር በይደር እንዲቆይ፣ ጋሽ ፈለቀም ወደ ስልካቸው እንዲመለሱ ተወሰነ። ጋሽ ፈለቀ እጃቸውን አነሡ። ስልኩ ይቅርብኝ አሉ፤ መጋዘኑ ይበቃኛል። አቶ ፍቅሩ ሊያግባቧቸው ሞከሩ፣ እሳቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ሰው ተበተነ።

አብርሆት ደጅ ጠበቀቻቸው። ዝናቡ አባርቶ የጣሪያው ውኃ ገና ይንጠባጠባል። ጋሽ ፈለቀ ሲወጡ ጉልበታቸው ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል ክንዷን ይዘው አነሷት።

«ተይ እንጂ፣ ልጄ። እኔ ነኝ ላንቺ መውደቅ ያለብኝ።»

«ጋሽ ፈለቀ፣ ምን ማለትዎ ነው?»

«እግዜር ይስጥሽ ማለቴ ነው። የገዛ ልጄ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አያደርግልኝም። እንጀራሽን አደጋ ላይ ጥለሽ ለእኔ ብለሽ ይሄን ሁሉ ዋሸሽ።»

«አልዋሸሁም! አሳየሁዎት እኮ! ባዶውን አላዩትም?»

«ዛሬ ጽፈሽው ነዋ ያየሁት። እያየንሽ አይደለም የጻፍሽው?» አሉ፣ እንደማባበል አድርገው። «ስሚኝ። ከዚያ ስብሰባ በማግስቱ፣ ሰው ሳይገባ ማለዳ መጣሁ። አላስችል ብሎኝ። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ምናልባት ጥፋቱ የሱ ይሆናል፣ ምናልባት እኔ ደኅና ነኝ ብዬ። ዋንዛው አለ። ወንዙ አለ። ገበያው አለ። ማንኪራም አለ። ባዶ የሚባል የለም። ደጋግሜ ሞከርኩት። ያኔ ነው ቁርጡን ያወቅሁት።»

 አብርሆት ያንን መስመር የጨመረችው በስብሰባው ዕለት ከሰዓት ነው፤ ከስብሰባው ወጥታ በቀጥታ።

«እኔ ነኝ ያስተካከልኩት» አለች። «ስብሰባው እንዳለቀ፣ እርስዎ ሳይመጡ በፊት። ለመደበቅ ብዬ። ጋሽ ፈለቀ፣ በማርያም፣ ይመኑኝ።»

«እንዲህ እንደምትይኝ አውቄአለሁ» አሉ፤ እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። መዳፋቸው ከጆንያው ገመድ የተነሣ ሻክሯል። «ልቤ እንዳይሰበር ብለሽ ነው። ይኸው አልተሰበረም፣ ለምጄዋለሁ። አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። አልጋነሽ ትራራልኛለች፣ ልጆቼም ይደብቁኛል። አንቺ ግን እዚሁ ነሽ፣ ታይኛለሽ። የባሰብኝ ቀን፣ ሰው ማወቅ ያቃተኝ ቀን፣ አንቺ ንገሪኝ። ያኔ እንዳትዋሺኝ። አደራ።»

አብርሆት ልትጮህ፣ ልትምል፣ ጎትታ መልሳ ኮምፒውተሩ ፊት ልታስቀምጣቸው ፈለገች። ማሳየት የምትችለውን ሁሉ አሳይታለች። መልሷን ሲጠብቁ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«እሺ» አለቻቸው።